የቅዳሜው ማሽን

ሦስቱ ሙዚቀኞች ከሰው ሁሉ ጋር ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ተጣልተው የኖሩት ከአንድ ማሽን ጋር ብቻ ነው።

ማሽኑ ጣውላ የሚላግበት ነው። በአናጢው ወርክሾፕ መሐል፣ ከሲሚንቶው ወለል ጋር በአራት ብሎን ታስሮ ቆሟል። ሲገዛ አረንጓዴ እንደ ነበር የሚያስታውሱት ባለቤቱ ብቻ ናቸው። ባንዱ ደግሞ የሚለማመደው እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከጣውላው ክምር በስተጀርባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ቢፈለግ አልተገኘም። ድራሙ ከእንጨት ማጣበቂያው ኮላ ጣሳዎች ጎን ተደርድሯል፤ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ አንድ እግሩ በጎደለ ኮመዲኖ ላይ ተቀምጧል፤ ማይኩ የታሰረው በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ነው።

ልምምዱ ሊጀመር ሲል አናጢው ብቅ ይላሉ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ ያወርዱና ማሽኑን ይከፍቱታል። «ኡኡኡም» ይላል። ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ «ኡኡኡም» እንዳለ ነው።

«ጋሼ፣ ለአንዲት ሰዓት ብቻ ቢያርፍስ?» ይላል ዘፋኙ ሁልጊዜ።

«ሥራ አለብኝ» ይላሉ አናጢው ሁልጊዜ።

ዘፋኙ ጊታርም ይጫወታል። ክሮቹን የሚቃኘው ፊቱን አኮማትሮ ነው። ጠበቅ ያደርጋል፣ ላላ ያደርጋል፤ ክሩ ከማሽኑ ጩኸት ጋር ሲላተም ጥርሱን ያፋጫል፤ የማይላተምበት ቦታ ላይ ሲደርስ «እፎይ» ብሎ ይተወዋል። ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ልጅ ደግሞ እሱን ሰምታ ትቃኛለች። እንዲህ እያሉ አራት ዓመት ሞላቸው።

«ይሄ ማሽን እኮ አራተኛው የባንዱ አባል ነው» ትላለች እሷ። «ያውም አርፍዶ የማያውቅ።»

እሷ በሌላው ቀን ፀጉር ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ፀጉር ስትጎነጉን የምትውልበት ጣቷ የቤዝን ወፍራም ክር እንደ ቀጭን ክር ያዝዘዋል። ምላሷ ከጣቷ አይተናነስም።

ድራም የሚመታው የአናጢው ልጅ ነው፤ ዘፋኙም የአክስቱ ልጅ ነው። ልጁን ሰው ሁሉ «ሹክሹክታ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ገና ትምህርት ቤት ሳለ ነው። አስተማሪው ጥያቄ ጠይቀውት ሲመልስ ድምፁ ከአፉ ወጥቶ አገጩ ላይ ቀረ። «ልጄ፣ ለእኔ ነው የምትመልሰው ወይስ ለአንገትጌህ?» አሉት። ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሹክሹክታ ሆነ። እናቱ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ትከላከልለታለች። ከአባቱ ጋር ሳምንቱን ሙሉ የወንበር እግር ሲያለሰልስ ይውላል፤ ሁለቱም ካላስፈለገ አይናገሩም። አባቱ ከማሽን ጋር ብዙ ዓመት ስለ ኖሩ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ የልጃቸውን ከንፈር አይተው መረዳት ለምደዋል።

ድራሙ ፊት ሲቀመጥ ግን ልጁ ሌላ ሰው ነው። ያስቃል፣ ይቆጣል፣ ይለምናል። ሰው በአፉ የሚለውን እሱ በሁለት ዘንግ ይለዋል። ባንዱ ባይኖር በየት በኩል ሊናገር እንደሚችል ራሱም አያውቅም።

የባንዱን ስም ያወጡላቸውም አባቱ ናቸው፤ ሳያስቡት። የመጀመሪያው ቀን ሦስቱን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ሦስት ናችሁ? ደግ ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ቢጎረብጥም አይወላገድም» አሉና ሄዱ። «ሦስት እግር» ተባሉ። ከዚያ ወዲያ አባትየው ስለ ሙዚቃው ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም። ማሽናቸውን ይከፍታሉ፤ አጠገቡ ይቆማሉ። ልጁ በልቡ አንድ ነገር ደምድሟል፤ አባቴ የሚከፍተው እኛን ላለመስማት ነው ብሎ። ለማንም አልተናገረውም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው።

እናቱ ግን በሌላ ነገር ታጉረመርማለች። «ቅዳሜን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፤ እሑድ ብታዩት አንድ በርጩማ አልተሠራም። ይሄ ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

«ሥራ ሁሉ በዓይን አይታይም» ይላሉ አባትየው።

በርጩማው ባይወላገድም የሚቀመጥበት ጠፍቶ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት እግርን የጠሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ የሱቅ ምረቃ ሲሆን ሰዉ ኬኩ እንደ ተቆረሰ ተበተነ። ሌላው የሕፃናት ትምህርት ቤት ዝግጅት ነበር፤ ድራሙ ሲጀምር ግማሾቹ ሕፃናት አለቀሱ፤ ሌሎቹ ግማሾች የሚያለቅሱትን አይተው አለቀሱ። ዘፋኙ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቅ ቀነሰ። ሌላ ከተማ ያለ አጎቱ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ቦታ ይዞለታል። «እስከዚህ ሳምንት ዓርብ ድረስ እጠብቅሃለሁ» ብሎታል አጎቱ።

እንግዲህ ድራማው የመጣው ይሄኔ ነው። ድራማ ሲባል የቴሌቪዥኑን ነው። አንዲት ዳይሬክተር ፀጉር ቤት ገብታ ራሷን ስታሠራ፣ ስለ ሦስት ወጣት ሙዚቀኞች ተከታታይ ድራማ ልትቀርጽ እንደሆነ አወራች። ባንዳቸው ሊፈርስ የደረሰ ወጣቶች ናቸው አለች። ተዋናዮቹ መልካቸው እንደ ሥዕል ነው፤ ጊታር ግን በየትኛው በኩል እንደሚታቀፍ አያውቁም። ስለዚህ ፊቱ የተዋናዮቹ፣ ድምፁና ጣቱ የእውነተኛ ሙዚቀኞች እንዲሆን ትፈልጋለች።

«ሊፈርስ የደረሰ ባንድ ከፈለግሽማ» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን በጥርሷ እንደያዘች፣ «ከእኛ የተሻለ አታገኚም።» ስልኳን አውጥታ ያለፈውን ቅዳሜ ልምምድ አሰማቻት። ዳይሬክተሯ ፀጉሯ ግማሹ ተፈቶ ሳለ ዘፈኑን ሦስት ጊዜ ሰማችው። ረቡዕ ስቱዲዮ ኑ አለች።

«ይሄ ከሆነ እቀራለሁ» አለ ዘፋኙ። «ካልሆነ ዓርብ ጠዋት እሳፈራለሁ። ከእንግዲህ ሕፃናት አላስለቅስም።»

ዘፋኙ ከሄደ ባንድ የለም። ሹክሹክታ ይሄን ሲሰማ ዘንጎቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ዝም አለ። ዝምታው የተለመደ ስለሆነ ማንም አላስተዋለውም።

ስቱዲዮው ግድግዳውም ጣራውም ስፖንጅ የለበሰ ክፍል ነው። በሩ ሲዘጋ ጸጥታው ጆሮ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተለጠፈ። ሹክሹክታ የራሱን ምራቅ ሲውጥ ሰማው።

«በመጨረሻ!» አለ ዘፋኙ እጁን እያፋተገ። «ያ የተረገመ ማሽን የሌለበት አገር።»

የድምፅ ባለሙያው መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ሆዱ ወጣ ያለ ሰው ነው። ቃና መለኪያውን ጊታሩ ላይ ለጥፎ ክሮቹን አንድ በአንድ አየ፤ ቀጥሎ የቤዙን አየ።

«ሁለታችሁም ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ብላችኋል» አለ። «የሚገርመው እኩል ነው ከፍ ያላችሁት። በምንድን ነው የቃኛችሁት?»

«በጆሮ» አለ ዘፋኙ።

«እንግዲያው ጆሯችሁን ዝቅ እናድርገው» አለና መለኪያው እንዳዘዘው ቃኘላቸው።

ጀመሩ። «በሩን አልዘጋሁም» የምትለዋን የራሳቸውን ዘፈን ነው። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ድምፁ ከጊታሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ወጣ። ሊያወርደው ሲሞክር በዛበትና ከሥር ገባ። ቤዟ ልትከተለው ስትል ጠፋት። ሹክሹክታ ሁለቱን ልያዝ ብሎ ሳያውቀው ፈጠነ። እንደገና ጀመሩ። ባሰ። ሦስተኛው ላይ ዘፋኙ መሐል ላይ አቆመና ማይኩን እያየ ቀረ።

«ስልኩ ላይ የሰማነው እናንተን ነው ወይስ ዘመዶቻችሁን?» አለ የድምፅ ባለሙያው ከመስተዋቱ ማዶ።

ዳይሬክተሯ አልሳቀችም። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ገባች። «እዚያ ልምምድ ላይ አንድ ነገር ነበራችሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሞቅ ያለ ነገር። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እሱን ነበር የፈለግኩት። ሰኞ ቀረጻ እጀምራለሁ፤ ነገ ወደ ማታ ሌላ ባንድ ልጠራ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አውቶቡስ ላይ ሦስቱም በአንድ ወንበር ተጣበው ተቀመጡ።

«አንተ ነህ» አለ ዘፋኙ ወደ አክስቱ ልጅ ዞሮ። «ጅብ እንዳየ አህያ ነው የሮጥከው። ማን ሊደርስብህ?»

«አንተስ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ዜማውን ፍለጋ ጣራ ላይ ወጥተህ አልነበር? ስትወርድ መሰላሉን ያጣህ መስሎኝ ነበር።»

ዘፋኙ ሁለት ፌርማታ ሲቀረው ወረደ። «ዓርብ ነው» አለ በመስኮቱ። «ቻው በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም።» ስልኩንም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዘጋው።

ሐሙስ ጠዋት ሹክሹክታ ወርክሾፕ ውስጥ የጠረጴዛ እግር በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልስ ነበር። በአንድ ጆሮው የቅዳሜውን ልምምድ ያዳምጣል። የት ላይ እንደሚፈጥን ሊያገኘው ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ቢያንስ ቦታውን ማወቅ ፈለገ። ቅጂው ላይ ግን አይፈጥንም። ዘፋኙም አይስትም። ሦስቱም እንደ ተገጠመ መሳቢያ ሸርተት ብለው ይሄዳሉ። ከሥር ያ «ኡኡኡም» አለ።

አባቱ ይሄኔ አንድ ሰፊ ጣውላ አንሥተው ማሽኑ ላይ አስገቡ። ማሽኑ «ኡኡም» ብሎ ጀመረና እንጨቱን ሲነክስ ድምፁ ወረደ፤ ዳገት እንደሚወጣ ሸክም የያዘ ሰው አቃሰተ። ጣውላው በወዲያ በኩል ሲወጣ ወደ ድምፁ ተመለሰ። ሌላ ጣውላ ገባ፤ እንደገና አቃሰተ።

የሹክሹክታ እጅ የጠረጴዛው እግር ላይ ቆመ።

ይሄን ድምፅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። እንጨት የሚበላ ማሽን አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም፤ ይወርዳል፣ ይወጣል። ቅጂውን ከመጀመሪያው አስጀመረው። አርባ ደቂቃ ነው። ማሽኑ አንድ ጊዜም አላቃሰተም። የሌላ ቅዳሜ ቅጂ ፈልጎ ከፈተ። አላቃሰተም። ሌላም። አላቃሰተም። ያው አንድ ድምፅ፣ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአናጢ ልጅ ሆኖ፣ ከማሽኑ ሦስት እርምጃ ርቆ አራት ዓመት ተቀምጦ፣ ይሄን አልሰማም ነበር።

ተነሥቶ አባቱ ፊት ቆመ። አባትየው ማሽኑን አጠፉና ከንፈሩን ተመለከቱ።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምንድን ነው የምትልገው?»

«እንጨት ነዋ።»

«የቱን እንጨት?»

አባትየው የማሽኑን ጠረጴዛ በመዳፋቸው ጠረጉት። ሰጋቱራ አልነበረበትም፤ ግን ጠረጉት።

«እማዬ አንድ በርጩማ አይወጣም ስትል…» አለ ልጁ።

«እናትህ ብዙ ትላለች።» ትንሽ ቆዩና እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው አገላበጡት። «የመጀመሪያው ዓመት እውነትም ሥራ ነበረብኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ወንበሮች። አንድ ቅዳሜ ጣውላው አለቀብኝና አጠፋሁት። ዘፈናችሁ ወዲያው ተንኮታኮተ። እኔ ዜማ አላውቅም፤ ጆሮዬም እንደምታውቀው ነው። ፊታችሁን ግን አየሁ። በጨለማ ደረጃ ሲወርድ አንድ ደረጃ የጎደለበት ሰው መሰላችሁ። መልሼ ከፈትኩት፤ መልሳችሁ ቆማችሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አላጠፋሁትም።»

«ባዶውን?»

«እንጨት ካስገባሁማ ድምፁ ይለዋወጥባችኋል።»

ሹክሹክታ የወርክሾፑን ወለል አየ፤ ድራሙን አየ።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ሰው ምርኩዙን ሲያዩበት ያፍራል። ደግሞስ ኮላ ሳይደርቅ እንጨቱን የያዘው ሞርሳ አይፈታም። ሲደርቅ እፈታዋለሁ ብዬ ነበር።» አባትየው ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። «መቼ እንደሚደርቅ ግን እኔ በምን ልወቀው?»

«እኔ እኮ…» አለ ልጁ። ድምፁ እንደ ወትሮው አገጩ ላይ ቀረ፤ አባቱ ግን ከንፈሩን እያዩ ነው። «እኔ እንዳትሰማን ብለህ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ?»

«አዎ።»

አባትየው እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ መለሱ። «ቅዳሜን ስጠብቅ ነው የምሰነብተው፣ ልጄ» አሉ።

ሁለቱም ከዚህ በላይ መናገር አይችሉበትም ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና ቀና አለ።

«ሄጄ ልነግራቸው ነው። ስቱዲዮ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

አባትየው አልሳቁም። ሰጋቱራውን ከልጁ ትከሻ ላይ አራገፉለት፤ መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን።

የዘፋኙ ስልክ አሁንም ዝግ ነው። ሹክሹክታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሮጠ። ፀጉር ሠሪዋ አንዲት ደንበኛ ይዛለች፤ ነገሩን በሹክሹክታ እስኪጨርስላት ድረስ ጣቷ አልቆመም፤ ዓይኗ ግን ፈጠጠ።

«አብረሽኝ ነይ» አላት።

«ግማሽ ጭንቅላት ይዤ የት ልሂድ? አንተው ሂድ። እኔ ይቺን ጨርሼ ያን ሳሙና ፈልጌ አመጣዋለሁ።» ከበሩ ሲወጣ ጠራችው። «ስማ። ስትናገር ድራም እየመታሁ ነው ብለህ አስብ።»

አውቶቡሱ ላይ የሚለውን ነገር በጣቱ ጉልበቱ ላይ እየመታ አጠናው። ስቱዲዮ ሲደርስ ግን ዳይሬክተሯና የድምፅ ባለሙያው መተላለፊያው ላይ ቆመው ወረቀት ያገላብጣሉ። ምላሱ ተሳሰረ።

«ማሽኑ ጎድሎን ነው» አለ።

«ምን?» አለች ዳይሬክተሯ ጎንበስ ብላ።

ሹክሹክታ የበሩን መቃን በሁለት ጣቱ መታ፤ ሁለት ጊዜ፣ ዘፈን ሲጀምሩ እንደሚያደርገው። ከዚያ ተናገረ። ድምፁ አልጮኸም፤ ግን ወጣ። ስለ ወርክሾፑ፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ አባቱ፣ ባዶውን ስለሚዞረው ሞተር ነገራቸው። በዚያ ጩኸት ላይ ተቃኝተን ነው ያደግነው፤ ትናንት እግራችንን የምናሳርፍበት አጣን አለ። በሕይወቱ ለእንግዳ ሰው ይሄን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

የድምፅ ባለሙያው «ወይ ጉድ» አለ። «ስቱዲዮ የተሠራው ጩኸት ለማጥፋት ነው፤ አንተ ጩኸት ተሸክመህ መጣህ?» እንዲያም ሆኖ የልጁን ስልክ ተቀበለ። ከትልቁ ማዳመጫው ጋር አገናኘው፤ ዓይኑን ጨፈነ። ቃና መለኪያውን አውጥቶ ከሥር ያለችውን ድምፅ ለካ። አንድ ጊዜ አይቶ አላመነም፤ እንደገና ለካ።

«ያቺው ናት» አለ ዓይኑን ገልጦ። «ትናንት ከፍ ያሉት በዚህችው ልክ ነው። በመላጊያ ማሽን የተቃኘ ባንድ! ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ዳይሬክተሯ ወረቀቷን አጠፈችው። «ወርክሾፑ ሩቅ ነው?» አለች።

መቅረጫና ማዳመጫቸውን ይዘው ሲደርሱ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ጣውላዎቹን ቀይ አድርጋቸዋለች። አናጢው ንጹሕ ቱታ ለብሰው ማሽኑ አጠገብ ቆመዋል። ብዙም ሳይቆይ ፀጉር ሠሪዋ ዘፋኙን በክንዱ እየጎተተች ገባች። ሻንጣው ትከሻው ላይ ነው።

«ትኬት ቢሮው በር ላይ ያዝኩት» አለች። «መንገድ ላይ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አፉ አልተከፈተም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ዘፋኙ አናጢው ፊት ቆመ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አራት ዓመት ሙሉ ይሄን ማሽን ስራገም…»

«ሰምቻለሁ» አሉ አናጢው። «እርግማን ብረት ላይ አይሠራም። በል ጊታርህን ቃኝ።»

ማሽኑ ተከፈተ። «ኡኡኡም።» ዘፋኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ሳያኮማትር ቃኘ። ሹክሹክታ ዘንጎቹን ሁለት ጊዜ አጋጨና ገቡ። አንደኛውን ስንኝ ሳይጨርሱ ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች። በቅጂው የሰማችው ያ ነገር፣ ያ ሞቅ ያለው፣ ክፍሉን ሞላው።

«እሱ ነው» አለች።

«እሱማ ነው» አለ የድምፅ ባለሙያው ሆዱን እያሻሸ፣ «ግን ማሽኑ ማይኩን ሁሉ ዋጠው። ቅጂው ላይ ከዘፈን ይልቅ ጣውላ ነው የሚሰማው።» ትንሽ አሰበ። «ቆይ። ለብቻው ልቅረጸውና በማዳመጫ ልስጣቸው። እነሱ በጆሯቸው ይዘውት ይጫወታሉ፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል።»

ለሁለት ደቂቃ ያህል ሁሉም ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ማሽኑ ብቻውን ተቀረጸ። አናጢው ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ደረታቸውን ነፍተው አጠገቡ ቆሙ።

«ዋናው አርቲስት ጨርሷል» አለ የድምፅ ባለሙያው። «አባቴ፣ አሁን ያጥፉት።»

አናጢው እጃቸውን ማጥፊያው ላይ አድርገው ወደ ሦስቱ ዞሩ። «ሲጠፋ ይደናገራሉ» አሉ።

«በጆሯቸው ውስጥ አለ፣ አባቴ። አይስጉ።»

አጠፉት። ሞተሩ ቀስ እያለ ወረደና ቆመ። በብርሃኑ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ሲንሳፈፍ ይታያል። ሹክሹክታ ማዳመጫው ውስጥ ያን የሚያውቀውን ድምፅ እየሰማ አባቱን አየ። እጃቸውን ከማጥፊያው ላይ አላነሡም። ዘፈኑ ከወደቀ መልሰው ሊከፍቱት ነው።

ዘፈኑ አልወደቀም። ዘፋኙ ዜማውን ከጀመረበት ላይ አልለቀቀም፤ ቤዟ ከሥር ተሸከመችው። መሐል ላይ ጊታሩ ዝም የሚልባት ቦታ አለች። ሹክሹክታ እዚያ ላይ ዘንጎቹን አስቀምጦ በሽቦ ብሩሽ ብቻ ከበሮውን ይዳብሳል፤ ሻ፣ ሻሻ፣ ሻ። የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ በእግር ጣት እንደ መሄድ ያለ ነገር ነው። ይቺን ቦታ የሠራት ከአራት ዓመት በፊት ነው።

አባቱ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ። እጃቸው ከማጥፊያው ላይ ወረደ። ሁለት እርምጃ ወደ ድራሙ ቀረቡ፤ አንድም ጨመሩ። ከዚያ አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው የድራሙን ጠርዝ ሊነካ ትንሽ ቀረው። ዓይናቸው የልጃቸው ከንፈር ላይ አልነበረም። እጁ ላይ ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ዳይሬክተሯ መነጽሯን መልሳ አጠለቀች።

«ሰኞ ጠዋት» አለች ዳይሬክተሯ። «ሦስታችሁም። በድራማው ውስጥ የሚለማመዱት መጋዘን ውስጥ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ወርክሾፕ አደርገዋለሁ። አባባ ከፈቀዱ።»

ዘፋኙ ሻንጣውን አንሥቶ ከኮላ ጣሳዎቹ ጎን አኖረው፤ ለአጎቱ ሊደውል ስልኩን ከፈተ። ፀጉር ሠሪዋ «ሳሙናው ተረፈ» ብላ ጀርባውን መታችው።

አናጢው ግን አልሰሙም። ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለዋል።

«ያቺ መሐል ላይ የምትዳብሳት» አሉ። «ሁልጊዜ ነበረች?»

«ነበረች።»

«አራቱንም ዓመት?»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰምቻት አላውቅም» አሉ አባትየው። እጃቸውን ዘርግተው የከበሮውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ሲለሰልስ የዋለ እንጨት እንደሚፈትሹ።

ሹክሹክታ ማዳመጫውን አወለቀና ብሩሹን አነሣ። ዘፋኙ ነገሩ ገባውና ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ እሱም ማዳመጫውን አወለቀ። ቤዟም።

«ኧረ ያለ ማሽን?» አለ የድምፅ ባለሙያው። «ልክፈትላችሁ?»

«ተወው ይረፍ» አሉ አናጢው በርጩማቸውን አስጠግተው። «እሱም ሠርቷል። እነሱ ቢስቱም እኔ ማን ዘንድ ልከሳቸው ነው?»

ሹክሹክታ ሁለት ጊዜ መታ።